ከመርከቡ በፊት የሚመጣ ሒሳብ

የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የመጨረሻ መርከቦች የጠፉት በጦርነት ሳይሆን በወደብ ዕዳ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ጠረፍ የሸሹት መርከቦች መጀመሪያ በየመን ተጠለሉ፤ ኋላም የመን ውጡልኝ ስትል ለመንቀሳቀስ የቻሉት ጅቡቲ ሄደው መልሕቃቸውን ጣሉ። እዚያ ቀለም የሚቀባቸው፣ ሞተራቸውን የሚያስነሣ፣ ኪራያቸውን የሚከፍል አጥተው ዓመታት ቆሙ። በመስከረም 1989 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት ላልተከፈለው የወደብ ዕዳ ማካካሻ ብሎ ያዛቸውና ለሐራጅ አቀረባቸው። አራቱን ኤርትራ ገዛች፤ የቀሩት ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ። አርባ ዓመት የተለፋበት ኃይል በዚህ መልኩ አከተመ። አገሪቱ ባሕር ኃይሏን ዳግም እያቋቋመች ባለችበት በዚህ ጊዜ ይህን ታሪክ ማንሣት ማሟረት አይደለም። ለአንድ አገር ከባዱ ነገር መርከብ ማግኘት ሳይሆን መርከብን ማኖር ነው። ስለዚህም ኢትዮጵያ ገንዘቧንና ጉልበቷን ከመርከቡ በፊት ለባለሙያው፣ ለጥገናውና ለወደብ ውሉ ማዋል አለባት።

ከጅቡቲ ወደብ በመኪና መንገድ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው የጅማ ዞኗ አጋሮ ይህ የሰው አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከጥቅምት እስከ ጥር በጎማ ወረዳ የሚለቀመው ቀይ እሸት፣ በየደጁ ተሰጥቶ የሚደርቀው ጀንፈል፣ በጅማ መጋዘን ደረጃ የሚወጣለት ቡና ሁሉ መሄጃው ባሕር ነው። 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ያህል ጆንያዎች አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሞላሉ። ያ ኮንቴይነር በጅቡቲ ወደብ ባደረ ቁጥር ወጪው የሚቆጠረው በላኪው ላይ ነው፤ ላኪውም ኪሳራውን መልሶ የሚያወርደው በፈረሱላ ዋጋ ላይ ነው። የባሕር ኃይሉን ዳግም መቋቋም በይፋ ያነሡት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም የተወለዱት እዚሁ አጠገብ፣ በሻሻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጦር መርከብ በብር አይገዛም፤ በውጭ ምንዛሪ ነው። ቡና ከውጭ ምንዛሪው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ እስከሆነ ድረስ የጎማና የጌራ ወረዳ ገበሬ ስለ መርከብ ሒሳብ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

የመጀመሪያውን ባሕር ኃይል አነሣሥ እንይ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጣቢያ፣ አስመራ ላይ ደግሞ የባሕር ኃይል ኮሌጅ አቋቋሙ። የኖርዌይና የብሪታንያ መኮንኖች በአማካሪነትና በአሠልጣኝነት መጡ። በ1954 ዓ.ም. አሜሪካ አንዲት ያገለገለች መርከብ ሰጠች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ፣ ዋና መርከብም ሆነች። ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራችው በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ፣ መለዋወጫና ማረፊያ እንድታቀርብ ነበር። እንግዲህ አገራችን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሩቅ ዘመድ የምትባል መርከብ ነበራት ማለት ነው። በደርግ ዘመን አቅራቢው ተቀየረና ፍሪጌቶችና የሚሳይል ጀልባዎች ከሶቭየት ኅብረት መጡ። አቅራቢው ተቀየረ እንጂ ጥገኝነቱ አልተቀየረም፤ መርከቡ ከውጭ፣ መለዋወጫው ከውጭ፣ ከባድ ጥገናውም በውጭ ሰው እጅ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ ኃይሉ ዋና ቤቱን አጣ፤ ከዓመት በኋላ አሰብም ሄደች። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የመን ደርሳ እዚያው አረጀች፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረትነት ተሸጠች። መርከብ ያለ ወደብና ያለ ጥገና የት እንደሚደርስ ለማወቅ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ታሪክ መጥቀስ አያስፈልገውም።

የአሁኑ ጥረት ገና ከመነሻው ያንኑ መንገድ እንዳይከተል የሚያሠጋ ምልክት አለው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው የባሕር ኃይል ግንባታን የሚጨምር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በ2013 ክረምት፣ ፈረንሳይ ወታደራዊ ትብብሩን አቋረጠች። በታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር ዳርቻ በሊዝ የሚገኝበት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፣ ነገሩ በቱርክ አሸማጋይነት ዓመት ሳይሞላው በአንካራው መግለጫ ረገብ አለ። እነዚህን ክስተቶች የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አሠልጣኙ አገር በአንድ ደብዳቤ የሚያቋርጠው፣ ማረፊያውም በጎረቤቶች ጠብ ላይ የተንጠለጠለ ኃይል መርከብ ቢኖረው ኖሮ በእነዚህ ዓመታት መርከቡን የት ያቆመው ነበር? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚፈረም የግዢ ውል የ1989ኙን ሐራጅ ለሁለተኛ ጊዜ መጥራት ነው።

ኢትዮጵያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ልትሠራ ነው ያለ የለም። ሆኖም የዚህ ዓይነት መርከብ የባሕር ኃይልን ችግር ሁሉ አጉልቶ ስለሚያሳይ ሀብታሞቹ አገሮች ምን እንደገጠማቸው ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ የ«ጄራልድ ፎርድ» መርከቧን መሠረት እ.ኤ.አ. በ2009 ጥላ መርከቡን በ2017 ለባሕር ኃይሏ አስረከበች። ዋጋው 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በዓለም ላይ ከማንም በላይ አውሮፕላን ተሸካሚ የሠራችው አገር ቦምብና ሚሳይል ከመርከቡ ሆድ ወደ መድረኩ የሚያወጡትን 11 አሳንሰሮች በትክክል ለማሠራት ከርክክቡ በኋላ ዓመታት ፈጀባት፤ መርከቡም ሙሉ ግዳጅ ይዞ የወጣው በ2023 ነው። በእኛ ሚዛን እንመዝነው። ኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከቡና ያገኘችው ገቢ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ከፍተኛው ነበር፤ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ። እንዲህ ያለ ዓመት አምስት ጊዜ ቢደጋገም፣ አንድም ሳንቲም ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያ ሳይወጣ፣ የአንዱን መርከብ ዋጋ ብቻ ይሸፍናል። አውሮፕላኖቹ፣ አጃቢ መርከቦቹና በሺዎች የሚቆጠሩት ባሕረኞች ገና አልተቆጠሩም።

የገንዘቡ መጠን ግን ከትምህርቱ ትንሹ ነው። ሕንድ የመጀመሪያውን አገር በቀል አውሮፕላን ተሸካሚ «ቪክራንት»ን ኮቺ ላይ ስትገነባ ገና ከጅምሩ ብረት አጠራት፤ ከሩሲያ ይመጣል የተባለው የመርከብ ብረት ሳይገኝ ሲቀር የራሷ ተመራማሪዎችና የብረት ፋብሪካዎች ተባብረው አዲስ የብረት ዓይነት እስኪያወጡ ጠበቀች። የመርከቡ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ አገልግሎት የጀመረው በ2022። ብሪታንያ ለሁለት መርከቦች ከ6 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥታ፣ አንደኛው በ2022 ከወደብ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ የመቅዘፊያው ዘንግ መገጣጠሚያ ተበላሽቶ ቆመ፤ ሁለተኛው ደግሞ በ2024 በተመሳሳይ ክፍሉ ላይ ችግር ተገኝቶበት ከልምምድ ቀረ። ሩሲያ «አድሚራል ኩዝኔትሶቭ»ን ለጥገና ባስገባችበት በ2018፣ መርከቡን የተሸከመው ተንሳፋፊ የጥገና መድረክ ራሱ ሰጠመ፤ የመድረኩም ክሬን በመርከቡ ላይ ወደቀ። በዓመቱ እሳት ተነሣበት። ሦስቱም አገሮች የመቶ ዓመታት የመርከብ ሥራ ልምድ ወይም ግዙፍ ኢንዱስትሪ አላቸው። የተሰናከሉት በጠላት አይደለም፤ በብረት፣ በዘንግና በጥገና ቦታ ነው።

«እንግዲያውስ መሥራቱ ይቅርና ያገለገለ በርካሽ እንግዛ» የሚል ይኖራል። ብራዚል ይህን ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፈረንሳይ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር የገዛችው አሮጌ አውሮፕላን ተሸካሚ አብዛኛውን ዘመኑን በጥገና ላይ አሳለፈ፤ በመጨረሻም በውስጡ ባለው መርዛማ ቁስ ምክንያት የሚቀበለው ወደብ ጠፍቶ በ2023 መጀመሪያ የራሷ ባሕር ኃይል አትላንቲክ ውስጥ አሰጠመው። ታይላንድ ደግሞ ከስፔን አዲስ አሠርታ እ.ኤ.አ. በ1997 ተረከበች፤ በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣና መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ከወደብ ሳይወጣ ቀረ። ጄቶቹ በ2006 ከአገልግሎት ሲወጡ አውሮፕላን ተሸካሚው ያለ ጄት ቀረ። የእኛም ቤት ተመሳሳይ ታሪክ አለ። «አባይ ወንዝ» እና «አንድነት» የተባሉት ሁለት ያረጁ የንግድ መርከቦች ለብረትነት ተብለው በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ከተገዙ በኋላ ወደ ጥገናና ወደ ሥራ እንዲመለሱ መደረጋቸው፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለ ድርጅቱ በሰጠው መግለጫ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ነበር። ርካሽ መርከብ የሚባል ነገር የለም፤ ዋጋው በግዢው ቀን ያልተከፈለ መርከብ ነው ያለው።

የአጋሮ ሰው ይህን ለመረዳት ባሕር ማየት አያስፈልገውም። በዙሪያዋ ያሉት እንደ ዱሮሚና ያሉ የቡና ማኅበራት ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ ተክለዋል። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ በኅዳር አጋማሽ፣ ለቀማው በጦፈበት ሳምንት፣ መለዋወጫ አጥቶ የቆመ መፈልፈያ የገበሬውን የዓመት ልፋት ይዞ ይቆማል። እነዚህ ማኅበራት ስም ያተረፉት ማሽን ስለገዙ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው፣ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው፣ ለጥገና የሚቀመጥ ገንዘብ ስላዘጋጁ ነው። ከጥቂት ኩንታል ብረት የተሠራ መፈልፈያ ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በጨው ውኃ ውስጥ ሌት ተቀን የሚበላ የጦር መርከብ የሚጠይቀውን መገመት ቀላል ነው።

ለዚህ መከራከሪያ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ90 በመቶ በላይ ንግዷን በአንድ የጎረቤት ወደብ እያሳለፈች፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን እዚያው ጅቡቲ ጦር ሰፍረው፣ እሷ ብቻ የባሕር ዓይንም ጆሮም የሌላት እንዴት ትሆናለች? ይህ ሥጋት እውነት ነው፤ እኔም ባሕር ኃይል አያስፈልግም አላልኩም። ነገር ግን የጦር መርከብ የንግድ መንገድን ምን ያህል እንደሚከፍት በዓይናችን አይተናል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲከፍቱ አሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚዎቿን በየተራ ወደ አካባቢው ላከች። ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ግን ኮንቴይነሮቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል ማዞራቸውን አላቆሙም፤ በስዊዝ ቦይ የሚያልፈው ንግድም ወደ ግማሽ ወረደ። «ትሩማን» የተባለው ተሸካሚ ራሱ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ባሉት ወራት ሦስት ጄቶች አጣ፤ አንዱን የመታው የራሱ ወገን መርከብ ነበር። በዓለም ከሁሉ የበረታው ባሕር ኃይል በቦታው ቆሞ የቡና ጫኙን መርከብ በድፍረት ካላሳለፈ፣ ጥቂት መርከብ የሚኖራት ኢትዮጵያ ብቻዋን ታሳልፈዋለች ብሎ ማቀድ አይቻልም። ለላኪው የሚጠቅመው ከአንድ በላይ አማራጭ ወደብ፣ የጸና ውልና በቂ የንግድ መርከብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስሜትን የሚነካ ነው። «ስለ ዓባይ ግድብም እንዲሁ አትችሉም ተብለን ነበር፤ ስለ አየር መንገዱም እንዲሁ» ይባላል። ሁለቱንም ምሳሌዎች እቀበላቸዋለሁ፤ የሚመሰክሩት ግን ለዚህ ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የካይሮ በረራውን የጀመረው በአሜሪካኑ ቲ ደብሊው ኤ ድጋፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾሙት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት አብራሪና መካኒክ አሠለጠነ፣ የራሱን የጥገና ማእከል ገነባ፤ ዛሬ የሌሎች አገሮችን አውሮፕላን ይጠግናል። ግድቡም ቢሆን በመጋቢት 2003 ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ በራሳችን ወንዝ፣ በራሳችን መሬት ላይ ነው፤ ማንም የወደብ ኪራይ አይጠይቀውም። መሐል ላይ ሥራው የተጓተተውም የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የብቃት ጉድለት ስለገጠመው ነው፤ በ2010 መጨረሻ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከሜቴክ እጅ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ግድቡ የቆመው ሥራው ለሚያውቀው ሲሰጥ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ወደብ የሌላቸው አገሮችም ባሕር ኃይል አላቸው» የሚለው ነው። ቦሊቪያ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የባሕር ጠረፏን ለቺሊ ካጣች በኋላ እስከ ዛሬ በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ የሚሠራ ባሕር ኃይል አላት። ይህ ለኩራትም ለሥልጠናም ይጠቅማል። አብዛኛው የባሕር ጭነቷ ግን ዛሬም የሚያልፈው እ.ኤ.አ. በ1904 በተፈረመው ውል መሠረት በቺሊ ወደቦች ነው፤ ቺሊ በባሕር መውጫ ጉዳይ እንድትደራደራት ያቀረበችውንም ክስ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አድርጎባታል። ባሕር ኃይሏ ባሕር አላመጣላትም፤ ያላትን ውኃ ግን በአግባቡ ትጠቀምበታለች። ለእኛም ቁም ነገሩ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ የተሻለ አርአያ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተመሠረተ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን እሱ አልተበተነም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ሥራውንም ቀጠለ። ከባሕር ኃይሉ የተለየው በጭነት ገቢው ሠራተኛውን፣ ጥገናውንና የወደብ ክፍያውን ስለሚሸፍን ነው። ጦር መርከቦቹ በዕዳ በተያዙበት በዚያው ወደብ የንግድ መርከቦቻችን እስከ ዛሬ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ከእነሱም አንዷ የጅማን ምድር አቋርጦ በሚያልፈው ወንዝ «ጊቤ» ተብላ የተሰየመችው ናት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የምህንድስና ምሩቃንን ወስዶ ለዓለም አቀፍ መርከቦች የሚቀጠሩ የመርከብ መሐንዲሶች ያወጣል፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያም የማሪታይም አካዳሚ አለ። እነዚህ ወጣቶች በሌላ አገር መርከብ ላይ ዛሬ የሚማሩት የሞተር ክፍል ሥራ ነገ ለባሕር ኃይሉ የሚያስፈልገው ሥራ ነው፤ እስከዚያውም ደመወዛቸው ለአገር ምንዛሪ ያስገባል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የንግድ መርከቡን ማስፋትና ባሕረኛና መሐንዲስ በብዛት ማሠልጠን፤ የባሕር ኃይሉን መኮንኖችም በወዳጅ አገሮች መርከቦች ላይ ለዓመታት ማለማመድ፤ ከአንድ አገር ብቻም ሳይሆን ከብዙ። ቀጥሎ ከጎረቤት ጋር በሰላም የተፈረመ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ የማይፈርስ የወደብ ውል። ከዚያ የጥገና አቅም። በመጨረሻ መርከብ፤ እሱም በትንንሽ የቅኝት ጀልባዎች የሚጀምር። ይህ አካሄድ ለሰልፍና ለፎቶግራፍ አይመችም፣ በአንድ ምርጫ ዘመንም አያልቅም። ነገር ግን በመሐሉ ቢቋረጥ እንኳ የሰለጠነው ሰውና የተገኘው ወደብ ይቀራል፤ ከመርከብ የተጀመረ እንደሆነ ግን የሚቀረው ዕዳ ነው።

የዚህ አካባቢ ሕዝብ የወከላቸው የምክር ቤት አባላት ወደፊት የመርከብ ግዢም ሆነ የብድር ውል ሲቀርብላቸው አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ መርከቡ የሚያድርበት ወደብ የትኛው ነው? ሲበላሽ የሚጠገነው የት ነው? የሚጠግነው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ስንት ነው? የሃያ ዓመቱ የወደብና የጥገና ወጪስ በየትኛው በጀት ተይዟል? አራቱም መልስ ካገኙ እጃቸውን ያውጡ። አንዱ እንኳ ከጎደለ ውሉን ይመልሱት።